ዶልፊን በጣት አይጠቆምም

«የዶልፊን ቋንቋ ያውቃል!» ትል ነበር ሬዲዮ። «በእነዚህ ሁለት ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። እሱ ቋ ቋ ቋ ሲላት፣ እሷም ከውሃው ስር ቋ ቋ ቋ ብላ ትመልስለታለች። ውሸቴን ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ!»

ምላሷ ቢቆረጥ ሰፈሩ በጸጥታ ያብድ ነበር። ሬዲዮ ዳቦ ሻጭ ጎረቤታችን ናት፤ ቅጽል ስሙ የወጣላት ስለማትዘጋ ነው። ወሬዋ ደግሞ ስለ አያቴ፣ ስለ አባባ ነበር። በየማለዳው ከዳቦው ጋር ታድለዋለች፣ በየማለዳውም እርሾ ትጨምርበታለች። መጀመሪያ አያቴና ዶልፊኗ ሰላም ብቻ ይባባሉ ነበር። ኋላ ስለ ነፋሱ ትነግረው ጀመር። ዝናቡ ሲገባ ጭራሽ የሰው ትዳር ያማሉ ተባለ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አባባ ግን ወሬውን ሰምቶታል። ሰዎች «እውነት ነው ጋሼ?» ሲሉት ፂሙን እየዳበሰ ዝም ይላል። ለኔ ያ ዝምታ ከመሐላ በላይ ነበር። የወተት ጥርሶቼ ገና ረግፈው አላለቁም፤ ስሄድ ግን ደረቴን ነፍቼ ነው። የሌላ ልጅ አያት ቢበዛ ተረት ያውቃል። የኔ አያት ከባሕር ጋር ያወራል።

ደግሞ ማስረጃ ነበረኝ። አባባ ቤት ውስጥም ምላሱን ከላንቃው ጋር ያጮሃል። ከክፍሉ ሲወጣ ቋ፤ በሩ ጋ ሲደርስ ቋ ቋ። የውሃው በርሜል አጠገብ ቆም ይልና አገጩን ቀና አድርጎ፣ ቋ፣ ከዚያ ዞር ብሎ ያልፋል። ለበርሜሉ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር። ባሕርም ውሃ፣ በርሜልም ውሃ፤ ዘመድ ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

አያቴ ዓይነ ስውር ነበር። ይህን አንድ ቤት ውስጥ እየኖርኩ አላወቅኩም። በርሜሉን የሚያየው በምላሱ ነበር፤ ድምፁ ሄዶ ነክቶ ሲመለስ እዚያ ምን እንዳለ ይነግረዋል።

ዶልፊንም የምታየው እንዲሁ ነው። ግንባሯ ላይ ያለው ጉብታ ስብ ነው፤ ድምጿን በሱ አሰባስባ ወደፊት ትልከዋለች። ድምፁ ዓሣ ነክቶ ሲመለስ የምትቀበለው በታችኛው መንጋጋዋ ነው። በመንጋጋዋ ትሰማለች ማለት ነው፤ በሰማችውም ታያለች። ይህን ያነበብኩት ዓሣ በተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ጽሑፉ «ወደ ገጽ ሰባት ዞሯል» ይል ነበር፤ ገጽ ሰባት የማን ዓሣ ላይ እንደተጠቀለለ እግዜር ይወቅ። ቀሪውን ከሌላ ቦታ ለቃቅሜ አገኘሁት። ዲግሪ ያላቸው ሰዎች «የት ተማርሽ?» ሲሉኝ «ዓሣ ላይ» እላለሁ፤ እውነቴን ነው።

ማለዳ ማለዳ የሰፈሩ ዓሣ አጥማጅ ወንዶች፣ አባባም ጭምር፣ እስከ ወገባቸው ባሕሩ ውስጥ ይገባሉ፤ መረባቸውን ትከሻቸው ላይ አጣጥፈው ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ውሃው ጭቃማ ነው፤ እጅ ቢገባበት ጣት አይታይም። ዓሣው የት እንዳለ የሚያውቁት ዶልፊኖቹ ብቻ ናቸው። ከጥልቁ በኩል መንጋውን ከበው እየነዱ ወደ ሰዎቹ ያመጡታል። ሰዎቹ አይንቀሳቀሱም፣ አያስሉም። ከዚያ አንዷ ዶልፊን ድንገት ጀርባዋን እንደ ቀስት ደግና ትሰምጣለች፤ ወይ በግንባሯ ውሃውን ጧ ታደርገዋለች። «አሁን!» ማለቷ ነው። መረቦቹ አየር ላይ ይከፈታሉ። ዓሣው ደንግጦ ሲበታተን ግማሹ መረብ ውስጥ፣ ግማሹ ዶልፊኖቹ አፍ ውስጥ ይገባል።

ይህን የሰማ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው!» ይላል። ፍቅር አይደለም፤ ቁርስ ነው። ግን ያ ቁርስ ምን ያህል እንደሚያስደንቅ የገባው ጥቂት ሰው ነው። ሁሉም ዶልፊን ይህን ሥራ አይሠራም፤ እናቱ ስትሠራ እያየ ያደገ ብቻ ነው የሚሠራው። ወንዶቹም በሰልፉ ላይ ያላቸውን ቦታ ከወላጆቻቸው ነው የወረሱት። ሁለት ዘር፣ አንዱ ከውሃ በላይ፣ አንዱ ከውሃ በታች፣ አንድ ሙያ ለልጅ ልጆቻቸው ያወርሳሉ። ማን ማንን እንዳስተማረ ማንም አያስታውስም።

ሕጉም አንድ ነበር። ምልክት ሳይሰጥ መረብ የወረወረ ዓሣውን በትኗል፣ ዶልፊኖቹን አስቀይሟል፤ ስለዚህ ከሰልፉ ይወጣል። ይግባኝ የለም። የሬዲዮ ባል እንደዚያ ወጥቶ ነው ዳርቻ ላይ የሌላ ሰው መረብ ሲጠግን የሚውለው። ወጣት ነው፣ ትከሻው በር ይዘጋል፤ አንድ ማለዳ ብቻ ቸኮለ። ወንዶቹ በፊቱ ሲያልፉ ቀና አይልም። በሱ አጠገብ ስናልፍ አባባ እጄን ጨበጥ ያደርጋል። አዝኖለት ነው እል ነበር። አሁን ሳስበው ፈርቶ ነው።

የአባባ ቦታ በሰልፉ ጫፍ፣ የፈረሰው የእንጨት ድልድይ አጠገብ ነበር። እኔ ከተረፉት ሳንቃዎች ላይ እግሬን አንጠልጥዬ እቀመጣለሁ። አባባ የቀጭን ሲባጎ አንዱን ጫፍ ቁርጭምጭሚቴ ላይ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ ያስራል።

«ይሄ እንዳትወድቂ ነው» ይለኛል። «አሁን ደንቡን ድገሚልኝ።»

«ዶልፊን በጣት አይጠቆምም።»

«ለምን?»

«ነውር ነው።»

«በአፍስ?»

«አትጠራም፣ ትቀየማለች። ስትመጣ በመጣችበት በኩል እግሬን ሰንዘር አደርጋለሁ። ስትሰምጥ ሳብ!»

«ጎበዝ!»

አንድ ቀን ግን ጠየቅኩት። «አባባ፣ ለምን በእግር?»

«እሷ እጅ የላትማ! በሌላት ነገር ሲጠቁሙባት ደስ ይላታል?»

«እግርስ አላት እንዴ?»

ትንሽ አሰበ። «ጅራት አላት አይደል? ጅራትና እግር ወንድማማች ናቸው።»

አያቴ ሲዋሽ እንኳን ገልብጦ ነው የዋሸው። ዶልፊን እጅ አላት። በሁለቱ የጎን ክንፎቿ ውስጥ እንደኛው የጣት አጥንቶች ተደርድረው አሉ። የጠፋው እግሯ ነው፤ ከሱ የቀሩት በሥጋዋ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ድሮ ድሮ፣ ሰው የሚባል ነገር ሳይኖር፣ አያቶቿ በየብስ ላይ ይሄዱ ነበር። ከዚያ ወደ ውሃው ተመለሱ። ጣታቸውን ግን እንደ መታሰቢያ ደብቀው ወሰዱት። ይህን ባነበብኩ ቀን ጋዜጣውን አስቀምጬ የራሴን እጅ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ከአባባ በስተግራ የሚቆመው ኮምጣጤ ነበር። ሲስቅ ያየው ሰው የለም። ማለዳ ሰላምታው «አንተ ሽማግሌ፣ ዛሬም አልሞትክም?» ነው። የአባባ መልስ ደግሞ «አንተን ሳልቀብር? ምን አስቸኮለኝ!» ነው። «ቁንጫ» ብሎ ስም ያወጣልኝም ኮምጣጤ ነው። «ይህቺ ልጅ ቁንጫ ናት፣ እግሯ አያርፍም» ብሎ። ጠላሁት። እግሬ ደንብ እንዳለው አያውቅም፣ ባለጌ ነው አልኩ።

ከዶልፊኖቹ ሁሉ የኔ ሸራፋ ነበረች። የጀርባዋ ክንፍ ጫፉ ተሸርፏል፣ ስሟም ከዚያ ነው። ከመታየቷ በፊት ትንፋሿ ይሰማል፤ ፍፍፍፍ! ቀዳዳው አናቷ ላይ ነው። እርጥቡ ትንፋሽ ፊቴ ላይ ሲያርፍ የዓሣና የሞቀ ደረት ሽታ አለው። ልጇ ከጎኗ አይለይም፤ እናቱ ውሃውን ስትሰነጥቀው ማዕበሏ እሱንም ይዞት ይሄዳል፣ በነጻ። ሲርበው ሆዷ ስር ይገባና እሷ ወተቱን አፉ ውስጥ ትረጭለታለች። አንድ ጊዜ ሸራፋ ሳንቃው ስር መጥታ በጎኗ ተኛችና በአንድ ዓይኗ ወደ ላይ አየችኝ። የዓሣ ዓይን አይደለም። የዓሣ ዓይን አይጠይቅም። ይህ «አንቺ ደግሞ ማነሽ?» የሚል ዓይን ነው። እግሬ ተወራጨ፤ አባባ ዘሎ መረቡን ሊወረውር ምንም አልቀረውም።

«ምነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አየችኝ።»

«ሰምታሽ ነው» አለ። «ልብሽ ሲመታ።»

ሌላ ቀን አንድ ትልቅ ዶልፊን በሁለት ዶልፊኖች መካከል ሲሄድ አየሁ።

«አባባ! እየጨፈሩ ነው!»

«እንዴት አድርገው? ንገሪኝ።»

«አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ከስር ገብተው ከፍ ያደርጉታል፣ ከዚያ ፍፍፍ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ከፍ ያደርጉታል።»

«መሐለኛውስ?»

«እሱ ሰነፍ ነው። አይዋኝም።»

ከወዲያ ኮምጣጤ ውሃው ላይ እንትፍ አለና «ዝም በይ፣ ቁንጫ» አለኝ፤ ድምፁ ግን እንደወትሮው አልጎመዘዘም።

ዶልፊን እንደኛ ሳታስበው አትተነፍስም። እያንዳንዷን ትንፋሽ ፈቅዳ ነው የምትወስዳት። ለዚህ ነው ሙሉ በሙሉ የማትተኛው፤ ግማሽ አእምሮዋ ሲያርፍ ግማሹ ዘብ ይቆማል፣ አንድ ዓይኗም እንደተከፈተ ይቀራል። ከታመመች፣ ከደከመች፣ ራሷን ከሳተች፣ ትሰምጣለች። ስለዚህ ሌሎቹ ከስር ገብተው ወደ አየር ያነሷታል። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ። ዓሣ ማሳደዱን ትተው።

እናቴ በረዶ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው፤ እጆቿ በሐሩርም ቀዝቃዛ ናቸው። አንድ ምሽት እራት ላይ ከአባባ ጋር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተነጋገሩ። ትልልቅ ሰዎች ድምፃቸውን ሲቀንሱ የልጅ ጆሮ እንደሚሰፋ አያውቁም።

«አባዬ፣ እኩዮቿ ፊደል ቆጥረው ጨረሱ።»

«አንድ ወቅት ብቻ። ዓሣው እስኪያልፍ።»

«አምናም እንዲሁ ነው ያልከኝ። እስከ መቼ ነው የምትደብቀው?»

«እስከቻልኩ።»

«ቢያውቁስ?»

«ካወቁማ ከሬዲዮ ባል ጎን ቁጭ ብዬ መረብ እጠግናለኋ!» ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ሰልፉ ላይ ካልቆምኩ እኔ ምንድን ነኝ? ንገሪኝ እስቲ። ግድግዳ የሚደግፍ ሽማግሌ!»

«እሷስ? ልጄ እኮ አንተ ላይ ታስራ ቀረች!»

እኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። የሚደብቀው ቋንቋውን ነው። ሰዎቹ ካወቁ «አስተምረን» ብለው ያስጨንቁታል። እሱ ደግሞ ለኔ ብቻ ነው ሊያወርሰኝ ያሰበው። ሳንቃው ላይ የሚያስቀምጠኝም ለዚህ ነው። ከወንበሬ ተነስቼ «ትምህርት ቤት አልሄድም!» ብዬ ጮህኩ። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ ሳህኖቹን ሰብስባ እያንኳኳች አጠበቻቸው።

ከዚያ የጭጋጉ ቀን መጣ።

ወንዶቹ ውሃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው ጭጋጉ ከባሕሩ የተንከባለለው። መጀመሪያ የሰልፉን ወዲያኛ ጫፍ ዋጠ፣ ቀጥሎ መሐሉን፣ ከዚያ ኮምጣጤን። በመጨረሻ አባባን። ሲባጎው ይቅርና የራሴን እግር እንኳን ማየት አቃተኝ።

«ቁንጫ፣ ይታይሻል?» አለ አባባ። ኮምጣጤ ባወጣልኝ ስም የጠራኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«ነጭ ብቻ ነው።»

«እሺ። ዝም በይ።»

ማንም አልወጣም፤ እስኪገፈፍ መጠበቅ ነው። ዓለም በሙሉ ጆሮ ሆነች። ጠብታ ሲወድቅ ይሰማል። የወንዶቹ ጥርስ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። አባባ ምላሱን አጮኸ፤ ቋ። ቆየና፤ ቋ ቋ። እየጠራት ነው! ሁሉም ሰው እየሰማ፣ ይፋ አወጣው!

መልሱ መጣ። ፍፍፍፍ። ከሳንቃዎቹ አጠገብ፣ ረጅም፣ እርጥብ ትንፋሽ። በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። ወዲያው ደግሞ ጧ የሚል ድምፅ።

የአባባ መረብ አየር ላይ ሲከፈት ሰማሁ፤ ጠርዙ ላይ የታሰሩት የእርሳስ ክብደቶች ውሃውን መቱት፤ ሽሽሽሽ።

ከዚያ ዝምታ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። በዚያች ጭጋግ ውስጥ አንድ መረብ ብቻ ነበር የወደቀው፤ የሌላው ሁሉ ትከሻ ላይ ነው።

ከዚያ በግራ በኩል ሽሽሽሽ። የኮምጣጤ። ከሱ ቀጥሎ ሽሽሽሽ። ቀጥሎ ሌላው፣ ሌላው፣ እንደ ዝናብ ከቅርብ ወደ ሩቅ እየሄደ፣ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ድረስ። አንዱም አልቀረም።

ያችን ቅጽበት በቀሪው ልጅነቴ ሁሉ አልለውጣትም። ዕውር ሆኖ የነበረው ሰው ሁሉ ነው፤ የሚያየው አያቴ ብቻ ነበር። ሁሉም ተከተሉት!

«ሞልቷል!» ብሎ ጮኸ ኮምጣጤ። «አቤት ዓሣ! ሽማግሌው፣ ያንተስ?»

አባባ መረቡን እየጎተተ ነበር።

«ወደኔ ዞሮብሃል ማለት ነው» አለ ኮምጣጤ። «ጎን ለጎን የቆመ ይካፈላል፤ ደንብ ነው። ቆይ ላምጣልህ።» ውሃውን እየቀዘፈ ወደ ዳርቻው ሲሄድ ሰማሁት። ቆይቶ ከጭጋጉ ውስጥ ቅርጫት ይዞ ብቅ አለ፤ ሳንቃው ላይ አጠገቤ አስቀመጠው። አንዱን ዓሣ ነካሁት። እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ደርቋል፤ ከጉንጩ ክዳን ስር የበረዶ ስባሪ አለ። ጭጋግ ሲበዛ በረዶ ይሆናል ማለት ነው ብዬ አዲስ ነገር ተማርኩ።

የአባባ ፊት ርሶ ነበር። ጭጋጉ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ምላሱን አላጮኸም። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ነው የሄደው። እናቴ ከቅርጫቱ አንድ ዓሣ አነሳች፣ ቀዝቃዛ ጣቷን ከጉንጩ ስር አስገባች፣ ከዚያ አባቷን አየችው። እኔ የጉሙን ተአምር እየዘለልኩ ተናገርኩ። እሷ ጨው ፍለጋ ወጣች፤ ጨው ግን ቤት ውስጥ ነበር።

በነጋታው አባባ ሲባጎውን ከቁርጭምጭሚቴ ፈታው። ለወንዶቹ «ሸራፋ ተሰናብታኛለች» አላቸው። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ዳርቻው ላይ፣ ከሬዲዮ ባል ጎን ተቀምጦ መረብ ይጠግን ነበር፤ ቋጠሮ ዓይን አይፈልግም። ወንዶቹ ከውሃ በወጡ ቁጥር እሱ ጋ ቆመው «ጋሼ፣ ዛሬ ምን ትላለች?» ይሉታል። እሱም ይነግራቸዋል። ሬዲዮም ለሰፈሩ ታዳርሰዋለች።

ለትምህርት ቤት ግን ዘግይቼ ነበር። ጉልበቴ ላይ ከማይደርሱ ልጆች ጋር ተቀምጬ ሀ ሁ ልበል? አልልም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም። ፊደል የቆጠርኩት ከበረዶ ፋብሪካው ሳጥኖች ላይ ነው፤ ንባብ የለመድኩት ከእርጥብ ጋዜጣ። አያቴ ዓይነ ስውር እንደነበር እናቴ የነገረችኝ ስንቀብረው ነው። ያኔ ሲባጎው፣ እግሬን መሰንዘሬ፣ ደንቡ፣ ሁሉም በአንዴ ተገለጠልኝ። ዓይኑ እኔ ነበርኩ። አልተቆጨሁም። እንዲያውም ኮራሁ፤ ምስጢሩን ሁለት ሆነን ነው የጠበቅነው፣ አንዳችን ሳናውቀው።

ባለፈው ሰሞን ዳርቻው ላይ ኮምጣጤን አገኘሁት። አሁን እሱም አርጅቶ መረብ ይጠግናል። አጠገቡ ተቀመጥኩና እንደ ልማዴ ዶልፊን አስተማርኩት፤ ስለ መንጋጋው፣ ስለ ግማሽ እንቅልፉ። ከዚያ «ጋሼ፣ አባባ እኮ አያይም ነበር» አልኩት።

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ» አለ ከመረቡ ቀና ሳይል።

«ያውቁ ነበር?»

«ሰልፉ በሙሉ ያውቃል። አንቺ ከመምጣትሽ በፊት ሸራፋ ስትሰምጥ እግሩን በእግሬ የምነካው እኔ ነበርኩ። እሱ ውሃው የገፋኝ መስሎት 'ተጠጋህብኝ!' ብሎ ይሰድበኛል። ሰዎች ስለ ምላሱ መጠየቅ ሲጀምሩም ለሬዲዮ 'ከዶልፊን ጋር እኮ ነው የሚያወራው' ብዬ ሹክ አልኳት። ለሷ ከነገሩ ጥሩምባ አያስፈልግም።»

«ታዲያ እኔ...?»

«አንቺ ባትመጪም እንችልበት ነበር» አለ። ክፋት የለበትም፤ ክር እየቆረጠ ነው የተናገረው። «ግን ምን ብለን እንንገረው? እንደምናውቅ ካወቀ በነጋታው ይወጣል። ኩራቱን ታውቂዋለሽ፤ አንቺም ይዘሽዋል።»

ባሕሩን አየሁት። ርቆ አንድ ጀርባ ወጥቶ ሰመጠ፤ ክንፉ ሙሉ ነው፣ ምናልባት የሸራፋ ልጅ፣ ምናልባት የልጅ ልጇ። የቀረችኝን አንዲት ነገር አጥብቄ ያዝኩ።

«የጭጋጉ ቀንስ?» አልኩት። «ያን ቀን እኔም አላየሁም፣ እርስዎም አላዩም። ትንፋሿን ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ለሱ ብቻ ነው የመጣችው።»

ኮምጣጤ መረቡን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሲስቅ አየሁት ልበል? ከንፈሩ እንደዚያ ያለ ነገር አደረገ።

«ማዕበል ከዚያ ድልድይ ስር ሲገባ እንደዚያ ይተነፍሳል፤ ጧ የሚል የላላ ሳንቃም አለው» አለ። «ዶልፊኖቹ ያን ቀን ከባሕር አልገቡም ነበር፣ ቁንጫ። አንድም።»